ታሪፉ ሁለት ሰዓት ገባ፦ የክፉ ዘመን ፊልሞችና የድህነት ሒሳብ

አንዲት እናት ማምሻውን ከሥራ ወደ ቤቷ ልትመለስ አውቶቡስ ላይ ትወጣለች። ዋጋው እስከ ትናንት አንድ ሰዓት ነበር፤ ዛሬ ሁለት ሰዓት ገብቷል። ሰዓት ስል የመንገዱን ርዝመት ሳይሆን ክፍያውን ማለቴ ነው። «ኢን ታይም» በተባለው ፊልም ዓለም ብርና ዶላር የለም። ሰው የሚከፈለውም የሚከፍለውም ከዕድሜው ተቆርሶ ነው። 25 ዓመት ሲሞላው ማርጀት ያቆምና ክንዱ ላይ የሚያበራ ቁጥር ወደ ዜሮ መውረድ ይጀምራል፤ ዜሮ ሲገባ ልቡ ቀጥ ይላል። እናትየዋ ዕዳዋን ከፍላ አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ቀርቷታል። ሹፌሩ አላሳፍርም ይላታል። ቤቷ በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። ትሮጣለች። ልጇም መቅረቷ አስደንግጦት ከወዲያ ይሮጣል። ተገናኝተው እቅፉ ውስጥ ስትገባ ቁጥሩ አልቋል።

ፊልሙ የወጣው በ2011 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የጻፈውም ያዘጋጀውም የኒውዚላንድ ተወላጁ አንድሩ ኒኮል ነው። በጥቅሉ ድንቅ ሥራ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ከአጋማሹ በኋላ መሳደድና ዝርፊያ ይበዛበትና የተነሳበትን ጉዳይ ይዘነጋል። ያቺ የአውቶቡስ ትዕይንት ግን ከአእምሮዬ አልወጣችም። አዲስ አበባ ውስጥ የታክሲ ታሪፍ በተጨመረ ማግስት ኪሱን እየዳበሰ ሰልፍ የያዘ ሰው ለምን እንዳልወጣች ይገባዋል። እዚያ ትዕይንት ውስጥ ግንብ የለም፣ ጠመንጃ የያዘ ወታደር የለም፣ ጨካኝ ንጉሥ የለም። ያለው የዋጋ ለውጥ ብቻ ነው። የሆነ ቦታ የተቀመጠ ሰው አንዱን ሁለት አደረገው፤ አንዲት ሴት ሞተች።

ስለ ድሃና ሀብታም የሚተርኩ የክፉ ዘመን ፊልሞችን ከዚያ ወዲህ በዚህ ሚዛን እመዝናቸው ጀመር። አብዛኞቹ ድሃው የት እንደሚኖር በማሳየት ይበረታሉ። ድሃው እንዴት ድሃ ሆኖ እንደሚቆይ፣ ከእጁ የወጣው የት እንደሚደርስ፣ ማን እንደሚቆርጠውና ማን እንደሚሰበስበው፣ በአጭሩ ሒሳቡን የሚያሳዩት ግን ጥቂት ናቸው።

እነዚህ ፊልሞች የሚመደቡበት ዘርፍ ዲስቶፒያ ይባላል። ቃሉ ባዕድ ነው እንጂ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ አያቶቻችን «ስምንተኛው ሺህ ገባ» እያሉ ሲያማርሩበት የኖሩት የክፉ ዘመን ትንቢት የቅርብ ዘመዱ ነው። ሁለቱ የሚፈሩት ነገር ግን ይለያያል። በስምንተኛው ሺህ ወሬ የሚያስፈራው ሥርዓቱ መገልበጡ ነው፤ ልጅ አባቱን አይሰማም፣ ሎሌ ጌታውን ይንቃል፣ ታች የነበረው ላይ ይወጣል። የዲስቶፒያ ፊልሞች ፍርሃት የዚህ ተቃራኒ ነው፤ የሚያስጨንቃቸው ምንም ነገር አለመገልበጡ ነው። ላይ ያለው መሰላሉን ስቦ ወደ ላይ አውጥቶታል፤ ታች ያለው ልጁም የልጅ ልጁም እዚያው ታች ይወለዳሉ። አያቶቻችን ቢያዩት ምን ይሉ እንደነበር አላውቅም፤ ምናልባት አንዳንዶቹ «ታዲያ ይህ ምኑ ትንቢት ነው?» ይሉ ነበር።

የዘርፉን የቤት አሠራር የተከለው «ሜትሮፖሊስ» ነው። ይህ ድምፅ አልባ ፊልም በርሊን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በጃንዋሪ 1927 ነበር። አዘጋጁ ፍሪትዝ ላንግ፣ ጸሐፊዋ የያኔዋ ባለቤቱ ቴያ ፎን ሃርቡ ናቸው። ከ5 ሚሊዮን ማርክ በላይ ፈጅቶ ኡፋ የተባለውን ኩባንያ ከነበረበት የገንዘብ ችግር ይብስ አዘቅት ውስጥ ከትቶታል። በፊልሙ ያለችው ከተማ አንድ ስም ይኑራት እንጂ ሁለት ናት። ከላይ ሰማይ ጠቀስ ፎቆች፣ በፎቆቹ መካከል የተዘረጉ ድልድዮች፣ የባለጸጋ ልጆች የሚቦርቁበት የአትክልት ስፍራ አለ። ከመሬት በታች ማሽኖቹ፣ ከማሽኖቹም በታች የሠራተኞቹ መኖሪያ አለ። ፈረቃ ሲቀየር ሁለት ሰልፍ ጎን ለጎን ይተላለፋል፤ ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል፣ ሁሉም አንገታቸውን ደፍተዋል። ልብ ብሎ ያየ ሰው የሚወጡት ከሚገቡት በግማሽ ያህል ዘግይተው እንደሚራመዱ ያስተውላል። ድካምን በእግር መለካት ማለት ይህ ነው፤ ቃል አልወጣም፣ ሙሾ አልተወረደም።

ፎቅ ላይ ያደገው የገዥው ልጅ ፍሬደር አንድ ቀን ወደ ታች ይወርዳል። 11811 በሚል ቁጥር የሚጠራውን ሠራተኛ ተክቶ እንደ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ያለ ማሽን ፊት ይቆማል። ሥራው መብራት ወደ በራበት አቅጣጫ የማሽኑን እጆች ማዞር ነው። ማሽኑ ምን እንደሚያመርት አይነገረንም፤ ለሠራተኛውም የተነገረው አይመስልም። ፍሬደር ሰዓቱ ላይ እንደ ተሰቀለ ሆኖ «አባቴ፣ አሥሩ ሰዓት አያልቅም እንዴ?» እያለ ይጮኻል። ወደ መቶ ዓመት ገደማ ሆነው፤ ትዕይንቱ ግን አላረጀም። ሁለት ፈረቃ ደርቦ የሠራ የፋብሪካ ሠራተኛ ድምፁን ባይሰማም ጩኸቱን ያውቀዋል።

መጨረሻው ግን ያበሳጫል። ሠራተኞቹ ያምጻሉ፣ ዋናውን ማሽን ያወድማሉ፣ የገዛ መኖሪያቸው በውኃ ይጥለቀለቃል፣ ልጆቻቸው ለጥቂት ይተርፋሉ። ከዚያ በካቴድራሉ ደጃፍ ላይ ገዥውና የሠራተኞቹ ካቦ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ፍሬደር የሁለቱንም እጅ ይዞ ያጨባብጣቸዋል። በራስና በእጅ መካከል አስታራቂው ልብ መሆን አለበት ይባልና መጋረጃው ይዘጋል። ሽማግሌ ገብቶ «በሉ ታረቁ» ሲል ቢያንስ ካሣ ይጠየቃል፣ ዋስ ይጠራል። እዚህ ያ እንኳን የለም። ከነገ ጀምሮ ሥራው ስንት ሰዓት ይሁን? ደመወዙስ? ከመሬት በታች ያለው ሰፈር ወደ ላይ ይወጣል ወይስ እዚያው ይጠገናል? ማንም አልጠየቀም። ላንግ ራሱ ከብዙ ዓመታት በኋላ ያን ማሳረጊያ ተረት ነው ብሎ ነቅፎታል። ልክ ነበር።

ከ«ሜትሮፖሊስ» ወዲህ ላይና ታች የዘርፉ ሆሄ ሆነ። ለምን እንደሆነ መገመት አይከብድም። ካሜራ ከፍታን ይወዳል፤ አንድ ጊዜ ከፎቅ ወደ ምድር ቤት ቢወርድ የአንድ ምዕራፍ ንባብ ያህል ይነግርሃል። በአማርኛም ቢሆን «ከፍ ያለ ሰው»፣ «ዝቅ ያለ ኑሮ» እንላለን፤ ማዕረግን በሜትር መለካት በቋንቋችን ውስጥ ነበረ። ችግሩ ከፍታ ውጤት እንጂ ምክንያት አለመሆኑ ነው። አንዱ ላይ፣ ሌላው ታች መሆኑን ማየት አንዱን ላይ ያወጣው ምን እንደሆነ አያስረዳም።

ደቡብ ኮሪያዊው የፊልም አዘጋጅ ቦንግ ጁን ሆ ይህ የገባው ይመስለኛል። ዩኒቨርሲቲ ሶሲዮሎጂ ያጠና ሰው ነው። በ2013 ያወጣው «ስኖውፒርሰር» ከ1982 የፈረንሳይ የሥዕል ልቦለድ የተወሰደ ሲሆን ፎቁን አስተኝቶ ባቡር ያደርገዋል። የዓለምን ሙቀት ለመቀነስ ሰማይ ላይ የተረጨ ኬሚካል ምድርን በረዶ አድርጓታል፤ ከሰው ልጅ የተረፈው ሳይቆም ዓለምን በሚዞር አንድ ባቡር ውስጥ ተሳፍሯል። ፊት ያሉት ፉርጎዎች የባለ ቲኬቶች ናቸው፤ ሳውና አላቸው፣ ጭፈራ ቤት አላቸው፣ ዓሣ እንኳን ያረባሉ። ያለ ቲኬት ተጋፍተው የገቡት ጅራት ላይ ናቸው። ቲልዳ ስዊንተን የምትጫወታት ሹም አንድ ጫማ ይዛ ለጅራቶቹ ትሰብካለች፤ ጫማ ራስ ላይ አይደረግም፣ ቆብም እግር ላይ፤ እኔ ቆብ ነኝ፣ እናንተ ጫማ ናችሁ፣ ቦታችሁን እወቁ። ስብከቱ የሚሰጠው አንድ አባት ጫማ በመወርወሩ ክንዱ በባቡሩ መስኮት ወጥቶ በረዶ እስኪሆን በሚጠበቅበት ጊዜ ነው። የጊዜው ርዝመት እንኳን በልክ ተሰልቷል።

ጅራቶቹ የሚበሉት ጥቁር፣ እንደ ሳሙና የተቆረጠ ገንቢ ምግብ ነው። የዐመፁ መሪ ከርቲስ ወደ ፊት እየገፋ ሲሄድ ከምን እንደሚሠራ ያያል፤ ከበረሮ። ብዙ ሰው ፊልሙን የሚያስታውሰው በዚህ ነው። ለእኔ ግን የፊልሙ ልብ መጨረሻው ፉርጎ ላይ ነው (ያላያችሁት ይቅርታ አድርጉልኝ)። ባቡሩን የፈጠረው ባለጸጋ ዊልፎርድ ከርቲስን እራት ይጋብዘዋል። ሞተሩ ዘላለማዊ ነው ይለዋል። ከርቲስ የወለሉን ክዳን ሲከፍት ከጅራት የተወሰደ ትንሽ ልጅ ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ተቀምጦ በእጁ አንድ ነገር ደጋግሞ ይገፋል። አንዱ የሞተር ዕቃ አልቋል፤ መለዋወጫው ከምድር ጠፍቷል፤ ቦታው የሚበቃው ለሕፃን ብቻ ነው።

ሒሳብ ማለት ይህ ነው። ከዚያች ቅጽበት በፊት ጅራቶቹ ለፊተኞቹ ሸክም ይመስሉ ነበር፤ ለምን ይመገባሉ፣ ለምን አይጣሉም ብለን ልንጠይቅ እንችል ነበር። ክዳኑ ሲከፈት መልሱ ይመጣል። ፊተኞቹ ሙቀት ውስጥ የሚጨፍሩት በዚያ ልጅ እጅ ነው። ከዚህም በላይ ዊልፎርድ ዐመፁን ራሱ ከጅራቱ ሽማግሌ ጋር ተመካክሮ እንዳዘጋጀው ይናገራል፤ የሰው ቁጥር መቀነስ ነበረበት፣ ዓሣው በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ እንደሚታረደው። ሚዛን ይለዋል። «ሚዛን» የምትለውን ቃል ከባለ ሥልጣን አፍ በሰማሁ ቁጥር ያ እራት ትዝ ይለኛል።

በዚያው 2013 ሌላ ፊልም ወጣ። «ኤሊዚየም» የደቡብ አፍሪካ ተወላጁ የኒል ብሎምካምፕ ሥራ ነው። ዘመኑ 2154 ነው። ሀብታሞች ምድርን ጥለው ሰማይ ላይ በተሠራ ክብ ከተማ ይኖራሉ፤ እዚያ እያንዳንዱ ቤት ውስጥ ማንኛውንም በሽታ በደቂቃዎች የሚያድን አልጋ አለ። ምድር የቀሩት አቧራና ቆርቆሮ ውስጥ ናቸው። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይላል ተረታችን፤ እዚህ ሰማዩ ታርሷል፣ ንጉሡ ግን አሁንም አይከሰስም። ወደ ላይ የሚያሻግር ደላላ አለ። ቤተሰብ የታመመ ልጁን ይዞ፣ ያለውን ከፍሎ፣ መንኮራኩር ውስጥ ይታጨቃል፤ ከላይ ያለችው የመከላከያ ሹም ተኩሰው እንዲጥሏቸው ታዛለች። በሜዲትራኒያንና በቀይ ባሕር ልጆቹን ያጣ አገር ሰው ይህን ሲያይ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ነው ብሎ አይረጋጋም።

ይህም ሆኖ ፊልሙ ሒሳቡ ላይ ይንሸራተታል። የሕክምናው አልጋ ርካሽና ብዙ ከሆነ ለምን ተከለከለ? ኤሊዚየም ከክልከላው ምን ያተርፋል? አይነገረንም፤ ክፉዎች ስለሆኑ ብቻ ይመስላል። መፍትሔውም እንደዚያው ነው፤ አንድ ኮምፒውተር ይዘጋና ሲከፈት የምድር ሰው ሁሉ ዜጋ ተብሎ ይመዘገባል። ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት መጨባበጥ ነበር፤ አሁን ማጥፋትና ማብራት ሆነ። አንዲት ትንሽ ቅጽበት ግን አለች። ማት ዴመን የሚጫወተው የፋብሪካ ሠራተኛ ማክስ በጨረር ተመትቶ የአምስት ቀን ዕድሜ ሲቀረው የፋብሪካው ባለቤት የሚጨነቀው ስለ አልጋው አንሶላ ነው፤ መቀየር ሊኖርበት ነው። ከመንኮራኩሮቹና ከሮቦቶቹ ሁሉ ይበልጥ የሚነግረን ያ አንሶላ ነው። የሰውየው ሕይወትና የአንሶላው ዋጋ አንድ መዝገብ ላይ ጎን ለጎን ሰፍረዋል።

ስለ «ኤሊዚየም» አሠራር ሌላ የሚከነክነኝ ነገር አለ። የምድሩ ክፍል የተቀረጸው ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ነው፤ ከፊሉ ትልቅ የቆሻሻ መጣያ ላይ። የሀብታሞቹን መጪ ዘመን ለመሥራት ኮምፒውተርና ብዙ ሚሊዮን ዶላር አስፈለገ፤ የድሆቹን መጪ ዘመን ለመሥራት ካሜራ ይዞ መሄድ በቃ። በ2009 የወጣው የዚሁ ሰው «ዲስትሪክት 9» ደግሞ ሶዌቶ ውስጥ ቺያዌሎ በሚባል ሰፈር፣ ሰው በኖረባቸው የቆርቆሮ ቤቶች መካከል ተቀርጿል። ተመልካቹ «እንዳንደርስበት ያስፈራል» የሚለው ዘመን ለአንድ ሰው አድራሻ ነው ማለት ነው።

ወደ እኛም መጥተዋል። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ በ2015 ያወጣው «ክራምብስ» እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ በአማርኛ፣ ዳንኤል ታደሰንና ሰላም ተስፋዬን ይዞ የተሠራ ነው። ዓለም ካበቃች በኋላ ያለ ታሪክ ነው። የድሮው ሥልጣኔ ርካሽ የፕላስቲክ መጫወቻዎች እንደ ታቦት ዕቃ ተከብረዋል፤ አንድ ባለ ሱቅ መደርደሪያው ጀርባ ቆሞ ስለ ዕቃዎቹ ጥንታዊነት ታሪክ እየፈጠረ ዋጋ ይቆርጣል። ፊልሙ ስለ መደብ አይሰብክም፤ ያ ባለ ሱቅ ግን ዋጋ ከየት እንደሚመጣ ከብዙ ንግግር ይልቅ አስረድቶኛል።

የስፔኑ «ዘ ፕላትፎርም» ሒሳቡን እስከ ማሰልቸት ድረስ ይዘረዝራል፤ ይህን ስል እያመሰገንኩት ነው። ማርች 2020 ሰው ከቤት እንዳይወጣ ሲታዘዝና የሱፐርማርኬት መደርደሪያዎች ባዶ ሲሆኑ ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ፤ ጊዜው ራሱ አስተዋወቀው። ወደ ታች የተቆፈረ እስር ቤት ነው፤ በየወለሉ ሁለት ሰው። ከላይ ሞልቶ የተሰናዳ ገበታ በመሐል ክፍተት ይወርዳል፤ በየወለሉ ጥቂት ደቂቃ ይቆማል። ላይ ያለው የፈለገውን ይበላል፣ ቀጥሎ ያለው ትርፍራፊውን፣ ከዚያ በታች አጥንት፣ ከዚያ በታች ባዶ ሳህን። ሁሉም ድርሻውን ብቻ ቢያነሳ ለሁሉም የሚዳረስ መሆኑ ነው ነገሩን መራራ የሚያደርገው። በየወሩ ደግሞ ሰዎቹ በጋዝ ይደነዝዙና ሌላ ወለል ላይ ይነቃሉ። ባለፈው ወር ታች ሆኖ ሲራብ የነበረው ዛሬ ላይ ሆኗል። ይራራል? አይራራም። በሁለት እጁ ያግበሰብሳል፤ የሚመጣው ወር አይታወቅማ።

እዚያ ውስጥ ኢሞጊሪ የምትባል ሴት አለች። ለ25 ዓመት የእስር ቤቱ አስተዳደር ሠራተኛ ነበረች፤ ሰዎችን ቃለ መጠይቅ አድርጋ ወደ ውስጥ ያስገባች እርሷ ናት። ውስጡን ያወቀችው ራሷ ስትገባ ነው። በየቀኑ ከታች ላሉት ሁለት ሰዎች ሳህን ደልድላ «ይህን ብቻ ብሉ፣ ለሚቀጥሉት ደግሞ እንዲህ ደልድሉ» እያለች ትለምናለች። ማንም አይሰማትም። የክፍል ጓደኛዋ ካልሰማችሁ ምግባችሁ ላይ እጸዳዳለሁ ብሎ ሲጮህ ወዲያው ይታዘዛሉ። የላይኞቹንስ ለምን እንዲህ አታደርግም ስትለው ወደ ላይ መጸዳዳት አይቻልም ይላታል። ነውረኛ ቀልድ ነው፤ ስለ ሥልጣን አቅጣጫ ግን ከዚህ ያጠረ ማብራሪያ አላጋጠመኝም።

«ሃንገር ጌምስ» የብዙዎች ፍቅርና የብዙዎች ንቀት ነው፤ የወጣቶች ፊልም ነው ተብሎ ይታለፋል። እኔ አላልፈውም። በ2012 በወጣው የመጀመሪያው ፊልም ፓኔም የተባለች አገር 12 ግዛቶች በየዓመቱ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ለዋና ከተማዋ ይገብራሉ፤ 24ቱ እርስ በርስ ይገዳደላሉ፣ አንድ ይተርፋል፣ ሀብታሞች በቴሌቪዥን ያያሉ። ምርጫው በዕጣ ነው፤ ዕጣ ደግሞ ፍትሐዊ ይመስላል። ካትኒስ ግን ታናሽ እህቷን ተጨማሪ ቀለብ እንዳትወስድ ታስጠነቅቃታለች። የተራበ ቤተሰብ ልጅ ተጨማሪ እህል ሲቀበል ስሙ ዕጣው ውስጥ ተጨማሪ ጊዜ ይገባል። የካትኒስ ጓደኛ ጌል ስሙ 42 ጊዜ ገብቷል። ወረቀቶቹ እኩል ናቸው፣ እጁን የሚሰደው ሰው የሚያወጣውን አያይም፤ ማሰሮው ግን አስቀድሞ በረሃብ ተመዝኗል። ማንም ሕግ አልጣሰም።

ይህንኑ ፊልም ገበያው እንዴት እንደተቀበለው ማየት ደግሞ ራሱን የቻለ ትዕይንት ነው። በ2013 አንድ ታዋቂ የአሜሪካ መዋቢያ ኩባንያ በዋና ከተማዋ ጌጥ የተሰየመ ኩልና የከንፈር ቀለም አወጣ፤ ፊልሙ የሚያፌዝባቸውን ባለ ቀለም ፊቶች ማለት ነው። በ«ስኩዊድ ጌም» የተደረገው ከዚህ ይብሳል። ባለዕዳዎች ለሽልማት ሲሉ የሚሞቱበት ይህ የኮሪያ ተከታታይ ድራማ በ2021 ዓለምን ባነጋገረ በሁለት ዓመቱ ኔትፍሊክስ 456 እውነተኛ ሰዎችን ሰብስቦ ለ4.56 ሚሊዮን ዶላር አወዳደረ። በእርግጥ ማንም አልሞተም። ውድድሩን ቁጭ ብሎ ያየው ተመልካች ግን በድራማው ውስጥ ጭምብል አጥልቀው ሶፋ ላይ የተቀመጡት ባለጸጎች ቦታ ላይ ነበር።

ድሃ በህልሙ ቅቤ ባይጠጣ ንጣት ይጨርሰው ነበር ይባላል። የእነዚህ ፊልሞች ብዙው ጣዕም ከዚያ ቅቤ ነው፤ ባቡሩ ሲገለበጥ፣ ቤተ መንግሥቱ ሲነድ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ደስ ይለናል። ሁልጊዜ ህልም ሆኖ አይቀርም ግን። በ2014 ታይላንድ ውስጥ ወታደሮች ሥልጣን ሲይዙ ተቃዋሚዎች የ«ሃንገር ጌምስ»ን ባለ ሦስት ጣት ሰላምታ አደባባይ ላይ ማንሳት ጀመሩ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር የተከታዩ ፊልም ክፍል ሲወጣ ጣታቸውን ያነሱ ተማሪዎች ተይዘዋል፤ ባንኮክ ውስጥ ፊልሙን ከማሳየት የተቆጠበ የሲኒማ ድርጅትም ነበር። በ2021 ደግሞ ምያንማር ውስጥ ነርሶችና አስተማሪዎች ሳይቀሩ ያንኑ ጣት አነሱ። ሆሊውድ ያመረተውን ምልክት ሰው ነጥቆ ለራሱ ጉዳይ አውሎታል፤ ኩሉን የገዙትና ጣታቸውን ያነሱት አንድ ፊልም ነው ያዩት።

አሁን ወደሚጎድለው ልምጣ። እነዚህ ፊልሞች ውስጥ መካከለኛ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ወይ ወርቅ ሳህን ነው ወይ በረሮ። ሒሳቡን ግን ባለ ወርቅ ሳህኑ ራሱ ቁጭ ብሎ አይሠራውም። የሚሠራው ጸሐፊው፣ ገንዘብ ያዡ፣ መዝገብ ቤቱ፣ ካቦው፣ ዘበኛው ነው፤ ማታ ቤቱ ገብቶ ልጆቹን የሚያጫውት፣ ክፉ የማይመስል ሰው። ኢሞጊሪን ከዚህ በፊት ያነሳኋት ለዚህ ነው። ከእርሷም ይልቅ የተሟላው የ«ዲስትሪክት 9» ቪከስ ነው።

በዚያ ፊልም ከሌላ ዓለም የመጡ የተራቡ ፍጡራን ጆሃንስበርግ ላይ ቀርተው ጉስቁልና ውስጥ ይኖራሉ። መንግሥትና አንድ ኩባንያ ሊያፈናቅሏቸው ይወስናሉ። ቪከስ የማፈናቀሉ ኃላፊ ሆኖ በአማቱ ተሹሟል፤ በየቆርቆሮው በር እያንኳኳ ነዋሪዎቹን የማፈናቀያ ወረቀት ያስፈርማል። ፈርሙ እንጂ፣ ሕጋዊ መሆን አለበት። ፊርማው በእንቢታ ወረቀቱን መምታት ቢሆን እንኳን እንደ ፊርማ ይመዘገባል። ኬፕታውን ውስጥ ዲስትሪክት ሲክስ የተባለው ሰፈር በ1966 የነጮች ብቻ ነው ተብሎ ከ60,000 በላይ ሰዎች ሲነቀሉ ሥራው በወረቀት ነበር፤ የፊልሙ ስም የተወለደው ከዚያ ነው። ቪከስ ራሱን እንደ ገዳይ አያይም። ትጉህ ሠራተኛ ነው፤ በሥራው ይኮራል፤ ካሜራ ሲያይ ፈገግ ይላል።

ይህን ፊልም ደቡብ አፍሪካ የኖረ ኢትዮጵያዊ ሌላ ሰው በማያየው መንገድ ያየዋል። ብሎምካምፕ ከዚህ በፊት በ2005 በሠራው አጭር ፊልም ስለ ባዕዳኑ ፍጡራን የሚያማርሩ የሚመስሉት ሰዎች በእውነቱ የተጠየቁት ከሌላ የአፍሪካ አገር ስለመጡ ስደተኞች ነበር። በግንቦት 2008 በደቡብ አፍሪካ ከተሞች በስደተኞች ላይ በተነሳው ጥቃት ከ60 በላይ ሰዎች ተገድለዋል። በታውንሺፖች (በከተማ ዳር ባሉ የጥቁር ድሆች ሰፈሮች) ውስጥ ትንንሽ ሱቅ ከፍተው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በ2008ም፣ በ2015ም፣ ከዚያም ወዲህ ሱቃቸው ተዘርፏል፣ ተቃጥሏል፤ የሞቱም አሉ። ያቃጠለው ባለ ፎቁ ቤት ሀብታም አልነበረም፤ ጎረቤት ነበር፤ ሥራ ያጣ፣ ከሱቁ በዱቤ ስኳር የሚወስድ ጎረቤት። የክፉ ዘመን ፊልሞች ላይና ታችን ብቻ ሲያሳዩን የሚያመልጣቸው ይህ ነው፤ የታችኛው እጅ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው አጠገቡ ላለው ነው። «ዲስትሪክት 9» ራሱ በዚህ ይሰናከላል። ለባዕዳኑ እንድንራራ ያደርገንና ናይጄሪያውያኑን ሰው በላ ወሮበላ አድርጎ ይስላቸዋል። የናይጄሪያ መንግሥት በ2009 ሲኒማ ቤቶች ፊልሙን እንዳያሳዩ ጠየቀ። ቁጣው ይገባኛል። ለድሃ የተቆረቆረ ፊልም ከድሆች መካከል ለአንዱ ወገን የሰው መልክ ነፈገ።

ወደ መጀመሪያው አውቶቡስ ልመለስ። ያቺን ትዕይንት ለብዙ ጊዜ የእናትና የልጅ ታሪክ አድርጌ ነበር የማያት። በቅርቡ ስመለከታት ዓይኔ ሹፌሩ ላይ ቀረ። ታሪፉን እርሱ አልጨመረም። ሁለት ሰዓቱ ወደ እርሱ ክንድ አይገባም። በዚያ ዓለም ደመወዙ እንደማንኛውም ሰው ከዕድሜ ነው፤ በነጻ ያሳፈረ ሹፌር ምን እንደሚደርስበት መገመት ይቻላል። ሴትየዋ ትለምነዋለች፤ ዋጋው ሁለት ሰዓት ነው ይላታል። በሩ ይዘጋል። ካሜራው ከእናትየዋ ጋር ይሮጣል፤ ወደ ሹፌሩ አይመለስም። አውቶቡሱ ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ስንት ሰው ወጣ፣ ስንቱ ወረደ፣ ሹፌሩ በዚያ ምሽት ቤቱ ሲገባ ክንዱ ላይ ስንት ሰዓት ቀርቶት ነበር?